የታመመ ላፕቶፕና የዕድር ደንብ

አገራችን ውስጥ ለኮምፒውተር ሕመም ሁሉ የሚታዘዘው መድኃኒት አንድ ነው፤ ፎርማት። ተንቀራፈፈ? ፎርማት ይደረግ። ድምፅ አላወጣ አለ? ፎርማት። ኪቦርዱ ላይ ሻይ ተደፋበት? ሻዩ ይጠረግና ለማንኛውም ፎርማት ይደረግ። ሐኪሙ ደግሞ ከየትም አይጠፋም። ካፌ ተቀምጣችሁ «ኧረ ይቺ ላፕቶፕ ስታክ እያደረገች አስቸገረችኝ» ብትሉ፣ አጠገባችሁ ማኪያቶ የሚጠጣው ሰውዬ፣ ማኪያቶውን ያመጣችው አስተናጋጅ፣ በር ላይ ሎተሪ የሚያዞረው ልጅ ሳይቀር ምርመራ ይጀምራሉ። አንዱ ቫይረስ ነው ይላል። አንዷ «ዊንዶውሱ አርጅቶ ነው» ትላለች። ሦስተኛው «ራም የሚጨምር ሶፍትዌር አለ፤ አውርዱና ጫኑ» ይላል። ይህ የመጨረሻው ምክር በተለይ ይገርመኛል። ራም በእጅ የሚዳሰስ፣ በብር የሚገዛ፣ ኪስ ውስጥ ከተረሳ ከሱሪ ጋር የሚታጠብ ዕቃ ነው። ከኢንተርኔት የሚወርደው እንዴት ሆኖ ነው?

የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። ግማሹን ሰፈር አሳልፈውታል፣ ግማሹን ጥለውታል፤ ሁለቱም ወገን «ጋሼ» ነው የሚላቸው። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው ልጃቸው፣ አንድ መሥሪያ ቤት ተገልግሎበት የሸጠውን ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 በሰው ሻንጣ ላከችላቸውና የዕድሩ መዝገብ ከትልቁ ጥቁር ደብተር ወጥቶ ኤክሴል ገባ። ማን መዋጮ እንዳልከፈለ፣ ማን ቀብር ቀርቶ እንደተቀጣ፣ የማን አማት እንደተመዘገበችና የማን አማት እንዳልተመዘገበች ሁሉ አሁን እዚያ ውስጥ ነው።

ችግሩ፣ ጋሼ ኤክሴልን ብቻውን አይከፍቱትም። ኤክሴል ተከፍቶ፣ ፓወር ግዕዝ ተከፍቶ፣ ቴሌግራም ተከፍቶ፣ ክሮም ላይ ደግሞ በአንዱ ዜና፣ በአንዱ መዝሙር፣ በአንዱ የልጅ ልጃቸው ልደት ተደርድሮ ነው ሥራ የሚጀመረው። ከዚያ መስኮቱ ይነጣል፣ ትንሿ ሰማያዊ ቀለበት መሽከርከር ትጀምራለች። መዋጮ ሊከፍል የመጣ አባል ስሙ እስኪገኝ ድረስ ቡናው ከአቦል ተነሥቶ በረካ ይደርሳል። አንዳንድ አባላት ይህን አውቀው በቡና ሰዓት ብቻ መክፈል ጀምረዋል ይባላል።

እኔ በሰፈሩ «ኮምፒውተር ዐዋቂ» የሚል ስም ወጥቶልኛል። ስሙ የወጣልኝ የአንዲት ጎረቤት ፕሪንተር ወረቀት ጨርሶ ስለነበር ወረቀት ስለጨመርኩበት ነው። ከዚያ ወዲህ ከሞባይል ካርድ መሙላት እስከ ዲሽ ማስተካከል ድረስ እጠራለሁ። የጋሼ ላፕቶፕ ጉዳይ ለዕድሩ ጠቅላላ ጉባኤ በቀረበ ጊዜም በዚሁ ማዕረጌ ተጋብዤ ነበር።

«ላፕቶፑ የሚሠራው የዕድሩን ሥራ ነው፤ ስለዚህ ራሙን ዕድሩ ይግዛለት» ሲሉ ጋሼ ሐሳብ አቀረቡ።

ሰብሳቢያችን ደንብ የሚያከብሩ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን አጥልቀው መተዳደሪያ ደንቡን ገለጡ። «ደንቡ የሚለው ሞት ሲደርስ ይከፈላል ነው። ላፕቶፑ ሞቷል?»

«ኧረ አልሞተም። ታሞ ነው።»

«ለታመመ ሄዶ መጠየቅ እንጂ ክፍያ የለም።»

ገንዘብ ያዡም «እንግዲያው ሲሞት ይምጣ» ብለው ቦርሳቸውን ቆለፉ። ነገሩ እዚያው ሊያበቃ ሲል፣ ከኋላ አግዳሚ ላይ የተቀመጡ አንዲት እናት «ሲሞት ለአዲስ ከምናወጣ አሁን ለማዳኛ ብናወጣ አይረክስም?» አሉ። ለዚህ መልስ አልተገኘም። ተወሰነ። ግን ቃለ ጉባኤው ላይ ቅድመ ሁኔታዎች ሰፈሩ፤ ወጪው ትንሽ ይሁን፣ ላፕቶፑ በሥራው ላይ እንዳይሞት፣ ደረሰኝ ይቅረብ፣ ከውስጡ የሚወጣው አሮጌ ዕቃም ለዕድሩ ንብረት ክፍል ገቢ ይሁን። ሥራው ለዐዋቂው ተሰጠ።

እውነቱን ለመናገር ራም መቀየር ራሱ ሥራ አይባልም። ቡና ከማፍላት ያነሰ ጊዜ ይወስዳል። ገንዘብ የሚጠፋውም ሆነ ላፕቶፕ የሚጎዳው ክዳኑ ሳይከፈት በፊት፣ ላፕቶፑን ሳይጠይቁ ሰው ሲጠይቁ ነው። ዊንዶውስ የሚሠራ ማሽን ስለ ራም ራሱ አፍ አለው። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚባሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ተጭኖ፣ ታስክ ማናጀር ሲከፈት ፐርፎርማንስ፣ ከዚያ ሜሞሪ የሚለውን መንካት ነው። ብር አያስወጣም፣ ካቻቢቴ አይፈልግም። የጋሼን ላፕቶፕ መዝሙሩም ዜናውም እንደተከፈተ ጠየቅነው። ያለው ራም 4 ጊጋ፣ ከዚያ ውስጥ የተያዘው 94 በመቶ ነው አለን። ዋናው ወሬ ግን ከሥር በደቃቁ የተጻፈው ነው፤ ፍጥነት 1600፣ ቅርጽ ሶዲም (የላፕቶፕ ራም ቅርጽ)፣ የተያዙ ስሎቶች ከ2ቱ 2።

ይህ ማለት 4 ጊጋው ባለ 2 ጊጋ ሁለት ፍሬ ነው ማለት ነው። ቦታው ሞልቷል፤ መጨመር የለም፣ መተካት ነው። ይህችን አንድ መስመር ሳያነብ ሱቅ የሄደ ሰው አንድ ፍሬ ገዝቶ ይመጣና የሚሰካበት ያጣል። «ከ2ቱ 1» የሚል ከሆነ ግን ዕድለኛ ነው፤ ያለውን ሳያወጣ ባዶው ላይ ይጨምራል። ቅርጹ ላይ «ሮው ኦፍ ቺፕስ» የሚል ከተጻፈ ደግሞ ራሙ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ሳይሆን አይቀርም። ማክቡክ ኤር እ.ኤ.አ. በ2008 ከወጣ ጀምሮ እንዲሁ ነው፤ ብዙ ቀጫጭን የዊንዶውስ ላፕቶፖችም ተከትለውታል። እንዲህ ያለውን የገዛ ሰው በሚዛኑ ቅለት ይደሰት እንጂ ስለ ራም አያስብ። ቢያንስ የታክሲ ገንዘቡ ተርፎለታል።

ጋሼ መምህር ናቸውና ሳይገባቸው አያልፉም። «ቆይ እስቲ፣ ዲስክ እያለ ይሄ ራም ምን ያደርጋል?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ዲስክ መብራት ቢጠፋም የያዘውን አይለቅም። ራም የሚይዘው አሁን የከፈቱትን ነው፤ ኃይል ሲቋረጥ ሁሉንም ይረሳል። ስለዚህ ነው ሴቭ ያድርጉ የምልዎት።»

«ኃይል እያለስ?»

ጥያቄው የመምህር ነው። እንዲህ ዓይነቱን ራም የፈጠረው ሮበርት ዴናርድ የሚባል የአይቢኤም መሐንዲስ ነው፤ የፈጠራ መብቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። የፈጠራው ውበት ቁጠባው ላይ ነው። ለእያንዳንዷ አንድ ወይም ዜሮ የመደበላት አንዲት ትራንዚስተርና አንዲት የኤሌክትሪክ ጠብታ የምትይዝ ካፓሲተር ብቻ ነው። ጠብታዋ ግን ታንጠባጥባለች። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ከመርሳቷ በፊት እየዞረ በየ64 ሚሊ ሴኮንዱ እንደገና ይሞላታል።

ጋሼ ዐይናቸውን ጨፍነው አካፈሉ። «በሴኮንድ ከ15 ጊዜ በላይ መሆኑ ነው።» ከዚያ ወደ በሩ ገልመጥ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ገንዘብ ያዣችንን እኛ በወር አንዴ ብቻ ነው የምናስታውሰው፤ ለዚህ ነዋ!»

ራም ሲሞላ ኮምፒውተሩ አይቆምም፤ የተረፈውን ወደ ዲስክ እያመላለሰ ይሠራል። ቀለበቷ የምትሽከረከረው ያን ጊዜ ነው። ከዚህ ላይ ራም ሻጮች የማይነግሯችሁን ልንገራችሁ፤ ላፕቶፓችሁ ውስጥ ያለው ዲስክ አሁንም የሚሽከረከረው የድሮ ሃርድ ዲስክ ከሆነ፣ የመጀመሪያው ብር ለራም ሳይሆን የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ ለሆነው ኤስኤስዲ ቢወጣ ይሻላል። ሻጮቹ ኤስኤስዲም ስለሚሸጡ አይቀየሙኝም። የጋሼን ላፕቶፕ የሸጠው መሥሪያ ቤት ኤስኤስዲ ገጥሞለት ስለነበር ችግራችን ራም ብቻ ነበር።

ስንት ይበቃል ለሚለው፣ ኤክሴልና ክሮም ለሚከፍት ሰው 8 ጊጋ ይበቃዋል። ቪዲዮ የሚያቀናብር ወይም የሕንፃ ንድፍ የሚሠራ 16 ይበል። ከዚያ በላይ ለዕድር ጸሐፊ መግዛት ለአንድ ሐዘንተኛ አሥር ድንኳን መትከል ነው።

ከመግዛት በፊት ግን አንድ ሌላ ነገር መታየት አለበት። ሴቲንግስ ውስጥ ሲስተም፣ ከዚያ አባውት የሚለው ጋ ዊንዶውሱ 32 ቢት ነው ወይስ 64 የሚለው ተጽፏል። 32 ቢት የሆነው የተለመደው ዊንዶውስ ከ4 ጊጋ በላይ ያለውን ራም መጠቀም አይችልም። 8 ጊጋ ሰክቶ «3 ጊጋ ከምናምን ብቻ ነው የሚሠራው» እያለ ከሻጭ ጋር አንገት ለአንገት የተናነቀ ሰው አውቃለሁ። ሻጩ ምንም አልሰረቀውም። ዊንዶውሱን የጫነለት ልጅ ነው በእጁ የነበረውን አሮጌ ፍላሽ ሰክቶ የሄደው። ከ32 ወደ 64 ለመሻገር ደግሞ ዊንዶውስን እንደ አዲስ ከመጫን ሌላ መንገድ የለም። ፎርማት ባዮች ልክ የሚሆኑበት ቀን ይህ ነው፤ ያን ቀን ግን ማንም አይሰማቸውም።

አሁን ወደ ገበያ። መገናኛ፣ ቦሌ፣ መርካቶ፣ የትም ቢኬድ የመጀመሪያው ጥያቄ «ዲዲአር ስንት?» ነው። መልሱን ሳያውቁ «የላፕቶፕ ራም» ብቻ ብሎ መግባት ሻጩን ሀብታም ያደርጋል። ዲዲአር 3፣ 4ና 5 የሚባሉት የራም ትውልዶች እርስ በርስ አይተካኩም። ከሥር ያለችው ጎድጓዳ ቁራጭ በየትውልዱ ቦታዋ የተለያየ የሆነው ሰው በጉልበት እንዳይሰካ ነው። የእግሮቹም ቁጥር ይለያያል፤ የላፕቶፕ ዲዲአር 3 ባለ 204፣ ዲዲአር 4 ባለ 260፣ ዲዲአር 5 ባለ 262 ነው። የዴስክቶፕ ራም ደግሞ ርዝመቱ 13 ሴንቲ ሜትር ግድም ስለሆነ ከላፕቶፑ እጥፍ ያህል ነው፤ እሱን ላፕቶፕ ላይ ለማስገባት የሚሞክር ሰው እጁን ሳይሆን ዐይኑን ያስመርምር።

የሚያሳስተው ሌላ ነው። ዲዲአር 3 ራሱ ሁለት ዓይነት አለው። የመጀመሪያው በ1.5 ቮልት ይሠራል። «ኤል» የሚል ፊደል የተጨመረበት በ1.35 ቮልትም ይሠራል። ሁለቱ በመልክም በመጠንም አንድ ናቸው፣ ጎድጓዳቸውም ያው ቦታ ነው፤ ስሎቱ ሁለቱንም እሺ ብሎ ይቀበላል። ግን የኢንቴል 4ኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ያላቸው ብዙ ላፕቶፖች ዝቅተኛውን ቮልት ብቻ ነው የሚፈልጉት፤ ሌላው ሲገባባቸው ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። የጋሼ ላፕቶፕ የዚያ ዘመን ነው። ስለዚህ መፍትሔው የተለጠፈውን ጽሑፍ ማንበብ ነው። ለሱ የሚሆነው ራም ላይ «ፒሲ3ኤል-12800ኤስ» ይላል። «3ኤል» ማለት ዝቅተኛ ቮልት የሚችለው ዲዲአር 3 ነው። 12800 የሚለው ከ1600 ፍጥነት ጋር አንድ ነገር ነው፤ 1600 በ8 ሲባዛ ነው። የመጨረሻዋ «ኤስ» የላፕቶፕ ነኝ ትላለች። ጋሼ ይህችን መስመር እንደ ስልክ ቁጥር በትንሽ ወረቀት ጽፈው ደረት ኪሴ ውስጥ አስገቡልኝ፤ «ይህን ብቻ አሳይ፣ ሌላ አትናገር» ብለው።

ምክራቸው ይሠራል። ወረቀቱን ሳሳየው ሻጩ የመጀመሪያውን ዋጋ ሳይጠራ ወደ ሁለተኛው ዘለለ። ቢሆንም ውድ ነው ብዬ ተከራከርኩ።

«ወንድሜ፣ ራም በዓለም ጨምሯል እኮ። ኤአይ ነው ያስወደደው» አለኝ።

ውሸት አልተናገረም። የዓለምን ራም በብዛት የሚያመርቱት ሳምሰንግ፣ ኤስኬ ሃይኒክስና ማይክሮን ናቸው፤ እነሱም ፊታቸውን ወደ ኤአይ ማዕከላት ስላዞሩ እ.ኤ.አ. በ2025 መገባደጃ የአዲስ ራም ዋጋ በየአገሩ ተተኮሰ። ማይክሮንማ በዚያው ዓመት ዲሴምበር፣ ለተራው ሰው ራም የሚሸጥበትን ክሩሻል የሚባለውን ንግዱን እንደሚተው አስታወቀ። ግን እኔ የምጠይቀው ያገለገለ ዲዲአር 3 ነው።

«ይሄኛውማ የተሠራው ቻትጂፒቲ ሳይወለድ ነው» አልኩት።

«ራሙ ነው እንጂ አሮጌው፣ ዋጋው መች አሮጌ ነው?»

ተሳሳቅን፤ ሳቁም ትንሽ አስቀነሰው። ለማንኛውም በአሮጌ ራም ገበያ ላይ ለጀማሪ የሚጠቅመው ብልሃት ይህ ነው። ላፕቶፑን ያሳደገ ሰው ሁሉ ባለ 4 ጊጋውን አውጥቶ ባለ 8 ያስገባል፤ ስለዚህ የወጡት ባለ 4ዎቹ በየሱቁ መሳቢያ ውስጥ ተከማችተዋል። አንድ ባለ 8 ከመፈለግ ሁለት ባለ 4 ሲገዛ አብዛኛውን ጊዜ ይረክሳል። ሁለት እኩዮች ሲሆኑ ደግሞ ኮምፒውተሩ በሁለት መንገድ ባንዴ ስለሚያነባቸው ትንሽ ፍጥነት ይመረቃል። ፍጥነታቸው የተለያየ ሁለት ፍሬ ቢቀላቀልም አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል፤ ፈጣኑ በቀርፋፋው እርምጃ ይሄዳል እንጂ ላፕቶፑ አይበላሽም።

ያገለገለ ሲገዙ ላፕቶፑን ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። እግሮቹ ወርቃማ ሆነው ያልጠቆሩና ያልተጫሩ መሆናቸውን አይቶ፣ እዚያው አስሰክቶ፣ ታስክ ማናጀር ላይ 8 ጊጋ ሳያዩ ብር አለመክፈል ነው። ግን ላፕቶፑን «ወደ ውስጥ» ይዞ የሚገባ ባለሙያ ካለ አብሮ መግባት ነው። ውስጥ ያለው ክፍል ጠባብ ነው፣ ሁለት ሰው አይችልም ካሉ ደግሞ ውጭ ይሠራ። ከመሄድም በፊት ኤክሴሉን በፍላሽ ገልብጦ ቤት ማስቀመጥ። የሰው አማት መዝገብ ይዞ መገናኛ መዞር ቀልድ አይደለም።

ጋሼ ግን ላፕቶፑ ከቤት አይወጣም አሉ። የዕድር መዝገብ ከቤት እንዳይወጣ የሚከለክል አንቀጽ ደንቡ ውስጥ አለ፤ አንቀጹ የተጻፈው ለጥቁሩ ደብተር ቢሆንም። ሻጩንም ራሙ የማይሠራ ከሆነ ገንዘቡን እንዲመልስ በደረሰኙ ጀርባ አስፈርሜው፣ ሥራው ጋሼ ቤት እንዲሆን ተስማማን።

ጊዜው ታኅሣሥ ነበር። ይህ ለራም ዋና ነገር ነው። በታኅሣሥ ሌሊት ያንን ወፍራም የቻይና ብርድ ልብስ ስትገልጡ በጨለማው ውስጥ ብልጭ ብልጭ የሚለውን አይታችኋል። አየሩ ሲደርቅ ሰውነት ኤሌክትሪክ ያጠራቅማል። ሰው ንዝረቱ የሚሰማው 3,000 ቮልት ገደማ ሲደርስ ነው፤ ቺፕ ግን ከዚያ እጅግ ባነሰው፣ እናንተ ምንም ሳይሰማችሁ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ሹራብ ይወልቃል፣ ከምንጣፍ ላይ ይወረዳል፣ ቀለም ያልተቀባ የውሃ ቧንቧ ወይም ሌላ ትልቅ ብረት ይነካል፣ ራሙም ከጠርዙ ብቻ ይያዛል። ጋሼ ሹራቤን ሲያስወልቁኝ ባለቤታቸው ደግሞ «ብርድ ሊመታው ነው» ብለው ጋቢ ሊደርቡልኝ መጡ። ጥጥ ነው፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው በብዛት ናይለኑ ነው ብለን በጋቢው ላይ ከረዥም ክርክር በኋላ ተስማማን፤ ግን እጅጌ የሌለው ጋቢ ለብሶ ስስ ሥራ መሥራት እንደማይቻል ታየና ወለቀ።

ሌላው ፈተና ቡናው ነበር። ሥራው የሚሠራበት ጠረጴዛና ቡናው የሚቀርብበት ጠረጴዛ አንድ ነው። «ሥራው ይቅደም» ማለት ነውር ስለሆነ ቡናው ቀደመ። ፋንዲሻው ተጠርጎ፣ ሲኒው ተነሥቶ፣ ጠረጴዛው ደርቆ ሲያልቅ የዕድሩ ኮሚቴ በሙሉ ዙሪያውን ቆሞ ነበር። ጋራዥ ያላቸው አባላችን የካቻቢቴ ሳጥናቸውን ይዘው መጥተዋል፤ ከሳጥኑ ውስጥ የሲኖትራክ ጎማ የሚፈታ ቁልፍም አለ።

ሥራው እንዲህ ነው። የተከፈተው ሁሉ ሴቭ ተደርጎ ይዘጋል። ማሽኑ ስሊፕ ሳይሆን ሻት ዳውን ይደረጋል፤ ዊንዶውስ አንዳንዴ የጠፋ መስሎ ግማሽ እንቅልፍ ስለሚተኛ ሺፍትን ተጭኖ ሻት ዳውን ማለት ነው። ቻርጀሩ ይነቀላል፣ ባትሪው ይወጣል። ባትሪው ከውስጥ የተገጠመ ከሆነ ክዳኑ እንደተከፈተ መጀመሪያ የሚነቀለው የሱ ሶኬት ነው። ከዚያ የማብሪያ ቁልፉን ጥቂት ሴኮንድ ይዞ የተረፈውን ኃይል ማስወጣት። ብሎን ያለው ላፕቶፕ ከሆነ እያንዳንዱ ብሎን በወጣበት ቅደም ተከተል ወረቀት ላይ ይለጠፍ፤ ርዝመታቸው እኩል አይደለም፣ ረዥሙ በአጭሩ ቦታ ከገባ ከሥሩ ያለውን ሊበሳ ይችላል። ክዳኑ በላስቲክ ጥርስ የተያዘ ከሆነ ቢላዋ ሳይሆን ሲም ካርድ የመጣበትን ካርድ መጠቀም።

ጋራዥ ያላቸው አባላችን ሳጥናቸውን ከፍተው «ስንት ቁጥር ላውጣ?» አሉ። ላፕቶፑ ተገለበጠ። ለካ የዚህ ሞዴል ሆድ ብሎን አይፈልግም፤ በጣት የምትንሸራተት አንዲት ማስለቀቂያ ናት ያለችው። ቀጭ አለች፣ ክዳኑ ተነሣ። ሰውየው ሳጥኑን ሲዘጉ ያደረባቸው ቅሬታ እስከ ዛሬም አልወጣላቸውም። «ብሎን የሌለው ነገር ዕቃ አይባልም» ይላሉ።

ራሙ እዚያው ፊት ለፊት ነው። ግራና ቀኝ የያዙትን ሁለት ትንንሽ ብረቶች በሁለት ጣት ወደ ውጭ ገፋ ሲያደርጓቸው ፍሬው ራሱ ቀና ይላል፤ ከዚያ ባዘነበለበት አቅጣጫ መሳብ ነው። አዲሱ ሲገባ ጎድጓዳው ከስሎቱ ጥርስ ጋር ይገጥማል፣ በዚያው ዘንበል ባለ ሁኔታ ወርቃማ እግሮቹ ሊሸፈኑ ጥቂት እስኪቀራቸው ይገፋል፣ ከዚያ ወደ ታች ተጭኖ ሁለቱ ብረቶች ቀጭ ሲሉ አበቃ። ጀማሪ ሁሉ እዚህ ላይ ይፈራል። መገፋት አለበት፣ ግን ካልገጠመ አይገፋም። ሁለቱን ለመለየት ጎድጓዳውን ማየት ይበቃል።

ስናበራው ስክሪኑ ለጥቂት ጊዜ ጥቁር ሆኖ ቆየ። ይህ የተለመደ ነው፤ ማሽኑ አዲሱን ራም ሲያገኝ አንዳንዴ ያስባል። ኮሚቴው ግን ይህን አያውቅም። ሰብሳቢው ኮፍያቸውን አወለቁ። ገንዘብ ያዡ «በቃ አሁን ደንቡ ይሠራል» አሉ። ጥቁረቱ ከቆየ ወይም ማሽኑ ጢጥ ጢጥ ካለ አጥፍቶ፣ ባትሪውን አውጥቶ፣ ፍሬዎቹን ነቅሎ መልሶ በደንብ መሰካት፣ እምቢ ካለም አንድ በአንድ እየሰኩ ጥፋተኛውን መለየት ነው። ለዚያ አልደረስንም፤ የኤችፒ ምልክት ብቅ አለች።

ታስክ ማናጀር 8 ጊጋ አለ። የተያዘው፣ ያው ኤክሴል፣ ያው ቴሌግራም፣ ያው ልደት ተከፍቶ፣ ከግማሽ ትንሽ አለፍ ያለ ነው። ማታውን ደግሞ ዊንዶውስ ሜሞሪ ዳያግኖስቲክ የሚባለውን፣ ከዊንዶውሱ ጋር የሚመጣውን መፈተሻ አስነሥተን እንዲያጣራ ተውነው፤ ያገለገለ ራም አንዳንዴ ጤነኛ መስሎ ኤክሴል ውስጥ ቁጥር ይገለብጣልና። በዕድር ሒሳብ ላይ ቁጥር ቢገለበጥ ጥፋተኛ የሚባለው ራሙ አይሆንም። መፈተሻው ንጹሕ ነው አለ።

መዋጮ የሚከፍል ሰው ስም አሁን ወዲያው ይገኛል። ይህ ሁሉንም አላስደሰተም፤ በበረካ የለመዱት አባላት «ድሮ ቀስ ብሎ ደህና ይሠራ ነበር» ማለት ጀምረዋል። ጋሼ በበኩላቸው ክሮም ላይ የከፈቱትን በእጥፍ አሳድገዋል። ተው አላልኳቸውም። በራሳቸው ላፕቶፕ፣ በዕድሩ ራም፣ እኔ ምን አገባኝ።

በሚቀጥለው ጉባኤ ሪፖርት ቀረበ፣ ደረሰኝ ታየ፣ የወጡት ሁለት አሮጌ ፍሬዎችም በፖስታ ታሽገው ለንብረት ክፍል ኃላፊው ተሰጡ። እሳቸው የንብረት መዝገቡን ገልጠው በየትኛው ርዕስ ሥር እንደሚያስገቡት ተቸገሩ። ድንኳን አይደለም፣ አግዳሚ ወንበር አይደለም። በመጨረሻ ከብረት ድስትና ከትልቁ ጭልፋ ቀጥሎ «ራም፣ ያገለገለ፣ 2 ፍሬ» ብለው አሰፈሩት። ወዲያው አንድ አባል እጁን አወጣ። ድስትና ወንበር ለአባል በነፃ፣ አባል ላልሆነ ሰው በኪራይ እንደሚሰጥ ሁሉ ይህም መከራየት አለበት አለ። ሐሳቡ ተደገፈ። ኪራዩ በቀን ይሁን ወይስ በሐዘን የሚለው ላይ ግን ስምምነት ስላልተደረሰ ለመጪው ወር ተላልፏል።